መልሱ ባጃጅ ውስጥ ለምን መጣ? ውጥረት፣ ኮርቲሶልና ትውስታ

[ምስል፦ ሐዋሳ፣ ከረፋዱ 5፡00 ሰዓት። የቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን አደባባይ፤ በባጃጅ መስኮት የሚታይ መንገድ።]

ተራኪ፦ አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሒሳብ ሞዴል ፈተና ተፈትና በባጃጅ ወደ ቤቷ እየተመለሰች ነው። ባጃጁ አደባባዩን ዞሮ ወደ ሐይቁ የሚወስደውን መንገድ እንደ ያዘ፣ ከሁለት ሰዓት በፊት ፈተና ክፍል ውስጥ ጨርሶ ጠፍቶባት የነበረው ኳድራቲክ ፎርሙላ ማንም ሳይጠይቃት «ማይነስ ቢ፣ ፕላስ ኦር ማይነስ፣ ስኩዌር ሩት ኦፍ ቢ ስኩዌር ማይነስ ፎር ኤሲ፣ ኦል ኦቨር ቱ ኤ» እያለ ከነዜማው መጣላት። ሳይታወቃት ጮክ ብላ ስላለችው ሾፌሩ በመስተዋቱ አያትና «ምነው እህቴ፣ ደህና ነሽ?» አላት። «አሁን መጣልኝ እኮ!» አለችው፤ ምኑ እንደ መጣላት ልትነግረው ስትል ግን እንባዋ ቀደማት።

ፎርሙላውን አላጠናችም ማለት አይቻልም። ሰሃን ስታጥብ ስታንጎራጉረው የኖረችው ነው። እንዳልጠፋም ባጃጁ ውስጥ ታይቷል። ታዲያ ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት ላይ የት ሄዶ ነበር?

[ምስል፦ የፈተና ክፍል፤ ወረቀት ላይ የተጫነ እስክርቢቶ።]

ተራኪ፦ ወደዚያች ደቂቃ እንመለስ። ተማሪዋ ጥያቄውን አንብባ ፎርሙላውን ስትፈልገው ወዲያው አልመጣላትም፤ ቀና ብላ ብታይ ጎረቤቷ ገጽ እየገለበጠች ነው። በዚህን ጊዜ ልቧ ይመታ፣ መዳፏን ያልባት ጀመር። እናቷ ብታያት «ቀልቧ ተገፈፈ» ትል ነበር። የሕክምና ባለሙያዎች ይህን የሰውነት ምላሽ ውጥረት ይሉታል፤ ጭንቀት የሚለውን ቃል ብዙ ጊዜ ለሕመሙ ስለሚያውሉት፣ እኛም በዚህ ቪዲዮ ውጥረት እንላለን።

ውጥረት በሁለት መንገድ ይጓዛል፤ አንደኛው ፈጣን፣ ሁለተኛው ዘገምተኛ ነው። ፈጣኑ የነርቭ መንገድ ሲሆን፣ በኩላሊት አናት ላይ ከተቀመጡት አድሬናል ዕጢዎች እምብርት አድሬናሊን በሰከንዶች ውስጥ ወደ ደም እንዲረጭ ያደርጋል፤ የልብ ምቱና ላቡ የዚህ ሥራ ናቸው። ዘገምተኛው መንገድ ከአንጎል ሥር ከሚገኘው ሃይፖታላመስ ይነሣል። ሃይፖታላመስ አተር ለምታህለው የፒቱታሪ ዕጢ በሆርሞን መልእክት ይልካል፤ ፒቱታሪ ደግሞ በደም በኩል ለአድሬናል ዕጢ ቅርፊት ሌላ መልእክት ትልካለች፤ ቅርፊቱም ኮርቲሶልን ያመነጫል። በዚህ ቅብብሎሽ ምክንያት በደም ውስጥ ያለው ኮርቲሶል ከፍተኛው መጠን ላይ የሚደርሰው ድንጋጤው ከጀመረ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቆይቶ ነው። ጥያቄ 7 ላይ የደነገጠ ተማሪ የኮርቲሶሉን ሙላት የሚያገኘው ጥያቄ 15 አካባቢ ነው ማለት ነው፤ «መጀመሪያ ደህና ነበርኩ፣ በኋላ ነው ሁሉም የጠፋኝ» የሚሉ ተፈታኞች ቃላቸው ከዚህ ጋር ይገጥማል።

ኮርቲሶልን በክፉ ዓይን ብቻ ማየት ግን ስሕተት ነው። ጉበት ስኳር ወደ ደም እንዲለቅ የሚያደርግ፣ ጠዋት ከእንቅልፍ በነቃን በግማሽ ሰዓት ገደማ ከፍ ብሎ ለቀኑ ሥራ የሚያሰናዳንና እኩለ ሌሊት አካባቢ የሚወርድ፣ ያለ እርሱ መኖር የማንችል ሆርሞን ነው። ለትውስታ ጉዳይ ዋናው ነገር አድሬናሊን በደምና በአንጎል መካከል ያለውን አጥር በቀላሉ አለማለፉና ኮርቲሶል ግን በስብ የሚሟሟ በመሆኑ ሰተት ብሎ መግባቱ ነው።

[ምስል፦ የአንጎል ንድፍ፤ በጆሮ ግንድ በኩል ወደ ውስጥ፣ እንደ ቆልማማ ጣት የተጠቀለለች ክፍል ትበራለች።]

ተራኪ፦ ገብቶ የሚያርፈው የት ነው? እ.ኤ.አ. በ1968 ብሩስ ማክዊን በኒው ዮርክ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ከባልደረቦቹ ጋር በሠራው ጥናት፣ የአይጥ የውጥረት ሆርሞን ሂፖካምፐስ በሚባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ ተሰብስቦ እንደሚቀመጥ አሳየ። ሂፖካምፐስ አዲስ ነገር ወደ ዘላቂ ትውስታ እንዲሸጋገር የግድ የሚያስፈልግ ክፍል ነው፤ ይህም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1953 ለሚጥል በሽታ ሕክምና ተብሎ በሁለቱም ጎን ሂፖካምፐሱ በአብዛኛው የወጣለት ሄንሪ ሞላይሰን፣ የልጅነቱን እያስታወሰ ከዚያ በኋላ የተዋወቃቸውን ሰዎች ግን መለየት ስላቃተው ነው።

በሂፖካምፐስ ሴሎች ውስጥ ኮርቲሶልን የሚቀበሉ ሁለት ዓይነት ተቀባዮች አሉ። አንደኛው ዓይነት በጥቂት ኮርቲሶል የሚሞላ ሲሆን፣ ሁለተኛው ግን ሆርሞኑ በብዛት ሲመጣ ብቻ የሚያዝ ነው። የመጀመሪያው ሞልቶ ሁለተኛው በከፊል ሲያዝ ሴሎቹ በንቃት ይማራሉ፤ ሁለተኛውም ሲጥለቀለቅ ሥራው ይደናቀፋል። ጥቂት ውጥረት ያነቃል፣ ብዙው ያደነዝዛል የሚባለው ነገር አንዱ መሠረቱ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ባጃጁ እንቅረብ። እ.ኤ.አ. በ1998 ዶሚኒክ ደ ኬርቫን፣ ቤኖ ሮዘንዳልና ጄምስ ማክጎ አይጦችን ውኃ ውስጥ የተደበቀ መቆሚያ ፈልጎ ማግኘት አስተማሩ። በማግሥቱ ከፈተናው በፊት መዳፋቸውን በኤሌክትሪክ ነዘሩ። ንዝረቱ ከፈተናው 2 ደቂቃ ቀድሞ ሲሆን አይጦቹ መቆሚያውን አስታወሱ፤ 4 ሰዓት ቀድሞ ሲሆንም አስታወሱ። 30 ደቂቃ ቀድሞ ሲሆን ግን ጠፋባቸው። ሆርሞኑ እንዳይመረት በመድኃኒት ሲታገድ ደግሞ ይህ መርሳት አልታየም። ይህን ውጤት ደጋግሜ ባነበብኩት ቁጥር የሚገርመኝ የአራት ሰዓቱ ነው፤ ትምህርቱ ተሰርዞ ቢሆን ኖሮ ከአራት ሰዓት በኋላም ባልተገኘ ነበር። በ2000 እ.ኤ.አ. ሰዎች ላይ በተደረገ ተመሳሳይ ጥናት፣ ከአንድ ቀን በፊት ቃላት ያጠኑ ጤነኛ ሰዎች ከፈተናው አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ፣ በሰውነት ውስጥ ወደ ኮርቲሶል የሚለወጥ ኮርቲሶን የተባለ ክኒን ሲሰጣቸው ያስታወሷቸው ቃላት ቀነሱ።

የአይጥን ሰዓት በቀጥታ ለሰው ማዋል አይገባም፤ ነገሩ ግን አንድ ነው። የተማሪዋ ፎርሙላ ቦታው ላይ ነበር፤ የተዘጋው የሚወጣበት በር ነው።

[ምስል፦ የፈታኙ ጫማ ቅርብ ሆኖ፤ ሲራመድ የሚንሲያጠጥ ድምፅ።]

ተራኪ፦ ያችው ተማሪ ከዚያ ቀን ሁለት ነገር አልረሳችም። የፈታኙ የግራ ጫማ ሲረግጥ ይንሲያጠጥ እንደ ነበርና በጠረጴዛዋ ጠርዝ ላይ በምስማር የተጫረ ስም እንደ ነበር ዛሬም ትናገራለች። ፎርሙላው ጠፍቶ ጫማው እንዴት ተረፈ?

ከሂፖካምፐስ አጠገብ የለውዝ ፍሬ የምታህል አሚግዳላ የምትባል ክፍል አለች፤ አደጋና ስሜት የሚመዘንባት ናት። በውጥረት ጊዜ አንጎል ውስጥ የሚመነጨው የአድሬናሊን ዘመድ ኖራድሬናሊንና ኮርቲሶል በአንድነት አሚግዳላን ሲያነቁ፣ በዚያች ሰዓት የሚሆነው ነገር ጠልቆ እንዲቀረጽ ለሂፖካምፐስ ምልክት ትሰጣለች። ስለዚህ ያው ሆርሞን የቀድሞውን ትምህርት ማውጣትን ሲያከብድ፣ የአሁኑን ጭንቅ መቅረጽን ያበረታል። በዚያ ላይ፣ ግንባራችን ሥር የሚገኘውና ሐሳብን የሚያደራጀው የአንጎል ክፍል በውጥረት ስለሚዳከም፣ ትኩረት በአስፈሪው ነገር ዙሪያ ይጠባል። አማርኛ «ጭንቅ ጥብብ አለኝ» ሲል ሁለቱን ቃላት ያጣመራቸው እንዲያው ለቤት መምታት አይመስለኝም።

እስካሁን የተናገርነው ስለ አንድ ጠዋት ውጥረት ነው። ለወራት የሚዘልቀው ሌላ ነገር ነው። ለተከታታይ ቀናት በጠባብ ቦታ ታግደው በቆዩ አይጦች የሂፖካምፐስ ሴሎች ቅርንጫፎች ሲያጥሩ፣ የአሚግዳላ ሴሎች ቅርንጫፎች ግን በአንጻሩ አድገዋል። ሰውነታቸው ከመጠን በላይ ኮርቲሶል የሚያመነጭባቸው የኩሺንግ ታማሚዎችም ሂፖካምፐሳቸው አንሶ መገኘቱ፣ ሲታከሙም መልሶ መጨመሩ ተለክቷል። ይሁን እንጂ አንሶ የተገኘ ሂፖካምፐስ ሁሉ በውጥረት ያነሰ ነው ማለት አይደለም፤ በቬትናም ጦርነት በተዋጉ ወታደሮችና ባልዘመቱ መንትዮቻቸው ላይ የተደረገ ጥናት፣ ያልዘመተውም መንትያ ሂፖካምፐስ ያነሰ ሆኖ ሊገኝ እንደሚችል አሳይቷልና።

ለወጣቶች ደስ የሚያሰኘው እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ጥናት ነው። በኒው ዮርክ ለከባድ ፈተና ለአንድ ወር ሲዘጋጁ የቆዩ የሕክምና ተማሪዎች ትኩረታቸውን ከአንዱ ነገር ወደ ሌላው ማዞር ከብዷቸው ነበር፤ ከአንድ ወር ዕረፍት በኋላ ሲመረመሩ ግን እንደ ሌሎቹ ሆነው ተገኙ።

[ምስል፦ ምሽት፤ የፍቅር ሐይቅ ዳርቻ። ከዓሣ ጠባሾች ራቅ ብለው የቆሙ አባ ኮዳዎች።]

ተራኪ፦ ተማሪዋ ወደፊት ብሔራዊ ፈተናዋን የምትወስደው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ተፈታኞች እንዳደረጉት፣ በማታውቀው አልጋ ላይ አድራ፣ በማታውቀው አዳራሽ ትቀመጣለች። ይህ ራሱ የውጥረት ምንጭ ነው፤ ለውጡን ማስቀረት ባትችልም ትውስታዋን አስቀድማ ልታጠነክረው ትችላለች።

እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ ተፍትስ ዩኒቨርሲቲ 120 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ተደርጎ ነበር። እኩሌቶቹ ያጠኑትን ደግመው በማንበብ፣ እኩሌቶቹ ደግሞ ሳያዩ ለማስታወስ በመሞከር ተዘጋጁ። በማግሥቱ ከየቡድኑ ገሚሶቹ ውጥረት ውስጥ ሲገቡ ደግመው ያነበቡት የሚያስታውሱት ቀነሰ፤ ሳያዩ ራሳቸውን የጠየቁት ግን አልተበገሩም። በእኛ ዘንድ የተለመደው ሽምደዳ በአብዛኛው ደግሞ ማንበብ ነው፤ ዓይን ገጹን ስለ ለመደው ብቻ ያወቅን ይመስለናል። ከፈተናው በፊት ለ10 ደቂቃ ያህል የሚያስፈራውን ነገር በወረቀት ላይ መጻፍም ለሚፈሩ ተማሪዎች ውጤት እንደሚረዳ እ.ኤ.አ. በ2011 ታትሟል።

የፈተና ዋዜማን በቡናና በጫት ማንጋት ግን ለዚሁ ለተዘጋው በር ሌላ መቀርቀሪያ እንደ መጨመር ነው። ካፌይን ኮርቲሶልን ከፍ ያደርጋል፤ በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር፣ አምፌታሚን የሚባለው አነቃቂ መድኃኒት ዘመድ ነው፤ ሁለቱም የሚሰርቁት እንቅልፍ ደግሞ ሂፖካምፐስ የቀኑን ትምህርት የሚያጸናበት ሰዓት ነው።

ዛሬ ማታ ተማሪዋ ከታናሽ ወንድሟ ጋር ሐይቁ ዳር ተቀምጣለች። ደብተሯ እርሱ ጉልበት ላይ ተከድኗል፤ ስልኩ ሰዓት ይቆጥራል።

«ሃያ ሰከንድ ቀረሽ!» ይላታል፣ ሆን ብሎ እየጮኸ።

«ማይነስ ቢ፣ ፕላስ ኦር ማይነስ...» ትልና ታቆማለች። እጇን ወደ ደብተሩ ሰደድ ስታደርግ ልጁ ወደ ኋላው ይሸሽገዋል።

«አይቻልም። መጀመሪያ ራስሽ አምጪው።»