ማግማውን ያጎረሰው ማን ነው?

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ነገ አብረን ወደ ዓባይ በረሃ ስለምንወርድ፣ ዛሬ ማታ አንድ ጥያቄ ብቻ ላስይዛችሁ ነው የቆምኩት። ጥያቄው የራሴ አይደለም። እናንተን በማክልበት ዕድሜ ጎሐ ጽዮንን አልፈን ቁልቁለቱን ስንያያዘው መምህራችን መኪናውን አስቆሙና አወረዱን። ከላይ ጥቁሩ ባዛልት፣ ማለትም ከምድር ውስጥ ቀልጦ ወጥቶ የጠጠረው አለት አለ። ከሥሩ የኖራ ድንጋዩ። ከዚያም ዝቅ ሲል ነጣ ያለ ድንጋይ ብቅ አለ። በጥፍሬ ብጭረው ዱቄቱ ጥፍሬ ሥር ገባ። ጄሶ ነው፤ ግድግዳ የምንለስንበት ያው ጄሶ። መምህራችን ወደ ላይ፣ ወደ ባዛልቱ እየጠቆሙ «ያ እዚያ የወጣው በየት አልፎ ነው?» አሉን። ዝም አልን።

የመጣው ከታች ነው። ከታች ከመጣ ደግሞ፣ ጄሶው ባለበት ሁሉ እሱን ሰንጥቆ ነው ያለፈው። ጄሶ ከክብደቱ 19 በመቶ ገደማው ድኝ ነው። ታዲያ ከሺህ ዲግሪ በላይ የጋለ ማግማ፣ ማለትም ገና ያልጠጠረ የቀለጠ አለት፣ በዚያ መካከል ሲያልፍ ምንም ሳይነካ ያልፋል?

መልሱን በደንብ የሚነግረን ቦታ ከዚህ እጅግ ይርቃል። በሳይቤሪያ፣ ከአርክቲክ ክበብ በላይ፣ ኖሪልስክ የምትባል የሩሲያ ከተማ አለች። ለመኪና ጭስ ማጣሪያ የሚውለው ፓላዲየም፣ ዓለም ከሚያወጣው 40 በመቶ ያህሉ ከዚያ ነው የሚገኘው፤ ኒኬሉና መዳቡ ሳይቆጠር። በ1960 የተገኘው የታልናህ ክምችት ላይ ሌላ ድንጋይ ያልተቀላቀለበት የሰልፋይድ፣ ማለትም ድኝ ከብረታ ብረት ጋር የተዋሃደበት ማዕድን፣ ንጣፍ በአንዳንድ ቦታ ከ40 ሜትር በላይ ይወፍራል። ባለ አሥር ፎቅ ሕንፃ አስቡ።

ይህ ሁሉ ድኝ ከየት መጣ? እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ።

ከምድር ቅርፊት ሥር ካለው ንብር፣ ከማንትል፣ የሚነሳ ባዛልታዊ ማግማ አሟሙቶ ሊይዝ የሚችለው ድኝ ከክብደቱ ከሺህ እጅ አንዱን ያህል ነው። ከዚያ ካለፈ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ ትርፉን ታች እንደሚያስቀር፣ ማግማውም ትርፉን በሰልፋይድ ጠብታ መልክ ይለየዋል። ተማሪዎች የሚሳሳቱት ቀጥሎ ባለው ነገር ነው፤ እኔም ተሳስቼ ፈተና ላይ ነጥብ አጥቼበታለሁ። ማግማው ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ጫናው ይቀልለታል፤ ጫናው ሲቀልለት ደግሞ ድኝ የመያዝ አቅሙ ይጨምራል። እየወጣ ሲሄድ ከመጥገብ ይርቃል እንጂ አይቀርብም። የራሱን ስንቅ ብቻ ይዞ የመጣ ማግማ እንደራበው ይደርሳል። ያን የሚያህል ሰልፋይድ ባንድ ቦታ እንዲጥል መንገድ ላይ የሚያጎርሰው ያስፈልገዋል።

ኖሪልስክ ላይ ጎራሹ ከ252 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የወጣው ማግማ ነው። አጉራሾቹ ደግሞ በመንገዱ ላይ ተደርድረው ነበር፤ ጥንታዊ ባሕር ደርቆ ያስቀረው አንሃይድራይት፣ ማለትም ውኃ የሌለው የጄሶ ወንድም፣ ከላዩም የድንጋይ ከሰል። ማግማው የጎረሰው ድኝ ከብረት ጋር ተዋህዶ ከባድ ጠብታ ይሆንና ይሰምጣል፤ እንደ ጠላ አተላ። ልዩነቱ፣ የዚህ ሀብቱ አተላው ነው። ጠብታው ሲሰምጥ በዙሪያው ካለው ማግማ ኒኬሉን በመቶዎች እጥፍ፣ ፓላዲየሙን በአሥር ሺዎች እጥፍ አከማችቶ ይይዛል። አዲስ ማግማ በላዩ ባለፈ ቁጥር ደግሞ ከእሱም ይቀበላል።

ምስክር አለ ወይ ብትሉ፣ አለ። ድኝ ቀላልና ከባድ አይሶቶፕ፣ ማለትም በክብደት ብቻ የሚለያዩ አተሞች አሉት፤ 32 እና 34። የሁለቱ ምጣኔ በማንትል ድኝ ውስጥ ዜሮ ብለን ከምንነሳበት መለኪያ እምብዛም አይርቅም። የባሕር ጄሶ ግን በከባዱ የበለጸገ ነው። የኖሪልስክ ማዕድን ሲለካ ከማንትሉ ከሺህ 8 እስከ 12 ያህል ከብዶ ተገኘ። ከአንሃይድራይቱ ቀለል ይላል፣ ከማንትሉ ይከብዳል፤ መካከል ላይ ነው። ሁለት ወላጆች ያሉት ልጅ ነው።

አንድ ያልተቋጨ ክርክር ግን አለ። የአንሃይድራይት ድኝ ከኦክስጅን ጋር የታሰረ ነው፤ ሰልፋይድ ለመሆን ኦክስጅኑን የሚነጥቀው ይፈልጋል። ነጣቂው ከሰሉ ነው የሚሉ አሉ፣ የማግማው የራሱ ብረት ይበቃል የሚሉም አሉ። እኔ ወደ ከሰሉ አዘነብላለሁ። ተመሳሳይ ክምችት ባለበት በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ዱሉዝ አካባቢ ግን ይህ ጭቅጭቅ የለም። እዚያ አጉራሹ ፓይራይት፣ ማለትም የብረትና የድኝ ማዕድን፣ ያለበት ጥቁር የጭቃ ድንጋይ ነው። ፓይራይት ከ500 ዲግሪ በላይ ሲግል ከድኙ ከፊሉን ይለቃል፤ የሚለቀውም ለሰልፋይድ የተዘጋጀ ነው።

አደራ፣ ነገ ጄሶ ያየ ሁሉ ኒኬል አገኘሁ ብሎ እንዳይጮህ። ጉርሻው ቢኖር እንኳ ማግማው ብረታ ብረቱን ጥልቅ ቦታ ላይ አስቀድሞ ጥሎት ከመጣ፣ የሚገኘው ባዶ ሰልፋይድ ነው። ጉርሻ ከበዛም ያው ኒኬል በብዙ ሰልፋይድ ላይ ተበትኖ ይቀጥናል።

አውቶቡሱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይነሳል። መዶሻ፣ ማጉያ መነጽርና የአሲድ ጠርሙስ ያዙ፤ የኖራ ድንጋዩ አሲድ ሲነካው ይፈላል፣ ጄሶው አይፈላም። ጄሶውን የሚያቋርጥ ዳይክ፣ ማለትም ማግማ በስንጥቅ ገብቶ የጠጠረበት ግድግዳ መሰል አለት፣ ካጋጠማችሁ መሃሉን ተዉትና ጠርዙ ላይ ተንበርከኩ። ሁለቱ አለቶች የተነካኩበትን ያን ጣት የማይሞላ መስመር በማጉያው እዩት። ከዚያ ናሙና ሁለት ሁለት ውሰዱ፣ አንድ ከዳይኩ፣ አንድ ከጄሶው፣ በየከረጢቱም ላይ ከጠርዙ ያለውን ርቀት በሴንቲ ሜትር ጻፉ።

አመሰግናለሁ።