ጤና አዳም ቀብታችሁ ፀሐይ ላይ አትውጡ
(ለእግር ተጓዦች ስብሰባ የቀረበ ንግግር)

እንደምን አመሻችሁ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ።

የፊታችን እሁድ ወደ ወንጪ እንወጣለን። አስተባባሪዎቻችን «አንቺ ፋርማሲስት ነሽ፤ እስቲ ስለ ፀሐይና ስለ ትንኝ ንገሪን» ሲሉኝ በደስታ ነው እሺ ያልኩት። ከየጉዞው ማግስት፣ ሰኞ ጠዋት፣ የምሠራበት መድኃኒት ቤት የሚመጡ ሰዎች አሉ። አንዱ አፍንጫው ተልጦ ይመጣል። ሌላዋ እግሯን እስኪደማ ድረስ አክካ ትመጣለች። አብዛኞቹ ሐኪም ዘንድ መሄድ እንኳ የማያስፈልጋቸው ነበሩ። ነገር ግን ወደ እኔ ከመድረሳቸው በፊት ቤት ውስጥ የሆነ ነገር ቀብተውበታል። ብዙ ጊዜ ያስቸገራቸው ፀሐይዋ ወይም ትንኟ ሳትሆን ያ የቀቡት ነገር ነው።

ከአንዲት ልጅ ልጀምር። ላንጋኖ ሁለት ቀን አሳልፋ ነው የመጣችው። ክንዶቿና አንገቷ ላይ ቆዳዋ ውሃ ቋጥሯል። «ፀሐይ አቃጠለኝ» አለችኝ። እኔ ግን አላመንኩም። ፀሐይ ያቃጠለው ቆዳ ጨረሩ የነካው ቦታ በሙሉ ነው የሚቆጣው። የእሷ ግን መስመር መስመር ሠርቷል፤ ልክ በጣት እንደተሳለ። «ምን ተቀብተሽ ነበር?» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «ትንኝ እንዳይነክሰኝ ብዬ ጤና አዳም አሽቼ ተቀብቼ ነበር» አለች።

ጤና አዳምን የማይወድ ማን አለ? ቡናችን ያለ እሱ አይጥመንም። ግን ቅጠሉና ፍሬው ውስጥ ፉሮኩማሪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። ጭማቂው ቆዳ ላይ እያለ የፀሐይ ጨረር ሲያርፍበት ቆዳውን ያቃጥለዋል። ችግሩ ወዲያው አይታወቅም። በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ነው ውሃ የሚቋጥረው። ቁስሉ ከዳነም በኋላ ጥቁር ምልክቱ ለወራት ይቆያል። ሎሚም ይህንኑ ያደርጋል። ትንኝ የነከሰው ቦታ ላይ ሎሚ አሽቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ንክሻው ላይ ቃጠሎ መጨመር ነው። ስለዚህ ጤና አዳሙ ቡናው ውስጥ ይግባ፤ እጃችሁን የነካው ግን ከቤት ሳትወጡ በሳሙና ይታጠብ።

ከመድኃኒትም እንዲህ የሚያደርግ አለ። ለብጉር ወይም ለወባ መከላከያ ዶክሲሳይክሊን የምትወስዱ ካላችሁ፣ ቆዳችሁ በፀሐይ ቶሎ ይቃጠላል። መድኃኒቱን አታቋርጡ። ራሳችሁን ሸፍኑ፤ ያዘዘላችሁንም ሰው አማክሩ።

አሁን ወደ ፀሐይዋ ልምጣ። «እኛ ጥቁሮች ነን፤ ፀሐይ አያቃጥለንም» የሚል ነገር በየጉዞው እሰማለሁ። ግማሹ እውነት ነው። ቆዳችንን የሚያጠቁረው ሜላኒን ከጨረር ይከላከልልናል። በጣም ጥቁር የሆነ ቆዳ የሚሰጠው መከላከያ ኤስፒኤፉ፣ ማለትም ፀሐይን የመከላከል አቅሙ መለኪያ፣ 13 ከሆነ ቅባት ጋር ይቀራረባል ተብሎ ተለክቷል። ግን እኛ ቀይም፣ ጠይምም፣ ጥቁርም ነን። 13 ደግሞ ቀኑን ሙሉ ተራራ ላይ ለሚውል ሰው አይበቃም። ከባሕር ጠለል በ1,000 ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ወንጪ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ እንወጣለን። እዚያ ላይ ነፋሱ ይቀዘቅዛል፤ ሰውም «ፀሐይዋ እኮ አትሞቅም» ብሎ ይዘናጋል። ሙቀቱና ጨረሩ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቀዝቃዛ ቀን ላይም፣ ስስ ደመና ባለበትም ቆዳ ይቃጠላል።

የእኛ ቆዳ ሲቃጠል እንደ ፈረንጅ ቆዳ አይቀላም። ስለዚህ ቶሎ አይነቃበትም። ምልክቱን በእጃችሁ ፈልጉት። ቆዳው ይግላል፣ ይወጠራል፣ ሲነኩት ያማል። ማታ ልብስ ሲነካው ያቃጥላል። ይህ ሁሉ የሚጀምረው ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ነው፤ በማግስቱ ይብሳል። ከዚያ በቀናት ውስጥ ይበርዳል፤ ያሳክካል፣ ይላጣል፣ ይጠቁራል። አልቢኖ የሆኑ ወገኖቻችን ግን ሜላኒን የሚሰጠው የተፈጥሮ መከላከያ የላቸውም። ለእነሱ ባርኔጣና ረጅም እጅጌ የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው፤ የቆዳ ካንሰር ሥጋቱ የምር ነው። ከመካከላችን አልቢኖ ተጓዥ ካለ ጥላ ያለበትን መንገድ መምረጥ የሁላችንም ሥራ ይሁን።

ስለ ምችም ልናገር፤ ካልተናገርኩ «ምችስ?» ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ፀሐይ ውለን ስንመለስ ከንፈር ላይ የሚወጣው፣ ውሃ ቋጥሮ የሚያቃጥለው ቁስል፣ እናቶቻችን «ምች መታው» የሚሉት፣ ብዙ ጊዜ ሄርፐስ የሚባል ቫይረስ ነው። ቫይረሱ ቀድሞም ሰውነታችን ውስጥ ተኝቶ ነበር፤ ፀሐይ ቀሰቀሰችው። እናቶቻችን ነገሩን ከፀሐይ ጋር ማያያዛቸው ትክክል ነው። እኔ ይህንን ስማር በጣም ነው የገረመኝ። ምች ቶሎ ቶሎ የሚመታችሁ ሰዎች ከንፈራችሁን ኤስፒኤፍ ባለው የከንፈር ቅባት ጠብቁት። ሊወጣ ሲል ቦታው ላይ የመንዘር ስሜት አለው። አሲክሎቪር ክሬም የሚጠቅመው ያን ጊዜ ከተጀመረ ነው። ቁስሉ እስኪደርቅ ድረስ ሕፃን አትሳሙ።

ከተቃጠላችሁስ? መጀመሪያ ከፀሐይ ውጡ። ከዚያ ቦታውን ቀዝቀዝ ባለ ውሃ አቀዝቅዙት። በረዶ አይደለም፤ በረዶ የተጎዳውን ቆዳ ይብስ ይጎዳዋል። ንጹሕ ጨርቅ ነክራችሁ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አሳርፉበት፤ በቀን ደጋግሙት። ቆዳው ገና እርጥብ እያለ ሽታ የሌለው ሎሽን ቀቡት። ቅቤ፣ ዘይትና ቫዝሊን ለመጀመሪያው ቀን ይቅሩ፤ ሙቀቱን አፍነው ይይዙታል። የጥርስ ሳሙና ደግሞ ለጥርስ ነው የተሠራው፤ ቃጠሎ ላይ አይደረግም።

እሬት ያላችሁ ተጠቀሙበት። ግን ቅጠሉን ስትቆርጡት የሚፈሰው ቢጫና መራራ ፈሳሽ ቆዳ ያስቆጣል። እሱን አፍስሱት፣ አጥባችሁ አስወግዱት። የሚጠቅመው መሃሉ ላይ ያለው ጥርት ያለው ዝልግልግ ነገር ነው።

ሕመሙ ከበረታ ፓራሲታሞል ያለ ማዘዣ ታገኛላችሁ። ለአዋቂ 500 ሚሊግራም የሆነውን አንድ ወይም ሁለት ፍሬ፣ በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ ሳያልፍ። አይቡፕሮፌን 400 ሚሊግራምም ይረዳል፤ ግን ምግብ በልታችሁ። ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም አስም ያለባችሁና ነፍሰ ጡሮች አይቡፕሮፌኑን ተዉት። ውሃ በደንብ ጠጡ። ውሃ የቋጠረውን አታፍርጡት፤ ያ ስስ ቆዳ ፋሻችሁ ነው። ቃጠሎው ሰፊ ቦታ ላይ ውሃ ከቋጠረ፣ ትኩሳት፣ ማስመለስ ወይም መቃዠት ካለ፣ ወይም የተቃጠለው ሕፃን ከሆነ፣ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

መከላከሉን በአጭሩ ልበላችሁ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ጨረሩ ይበረታል። ጥላችሁ ከቁመታችሁ ካጠረ ተጠንቀቁ። ሰንስክሪን፣ ማለትም የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ ኤስፒኤፉ 30 እና ከዚያ በላይ ይሁን፤ በየ2 ሰዓቱ ይደገም። ለፊትና ለአንገት ሁለት ጣት ሙሉ ነው ልኩ፤ ብዙ ሰው የሚቀባው ከዚህ ግማሹን ወይም ከዚያ በታች ነው። ውድ መሆኑን አውቃለሁ። መግዛት ካልቻላችሁ ሰፊ ባርኔጣ፣ ረጅም እጅጌና ጃንጥላ የበለጠ ይሠራሉ። ነጠላ ግን እንደ ስሙ ነው፤ ብርሃን ያሳልፋል፣ ጨረርም ያሳልፋል። እጥፍ አድርጋችሁ ልበሱት።

ወደ ንክሻው እንሂድ። ትንኝ ስትነክሰን የሚያሳክከን ጥርሷ አይደለም፣ ምራቋ ነው። ደሙ እንዳይረጋባት ምራቅ ትረጫለች። ሰውነታችን ያንን እንደ ጠላት ያይና ሂስታሚን የሚባል ንጥረ ነገር ይለቃል፤ ያብጣል፣ ያሳክካል። አንዱ ተነክሶ ምንም ሳይመስለው ሌላው እንደ ሽንብራ የሚያብጥበት ምክንያት ይኸው ነው፤ የእያንዳንዱ ሰው ሰውነት ለምራቁ የሚሰጠው መልስ ይለያያል። «ደሙ ጣፋጭ ስለሆነ ነው» የሚባለው እውነት አይደለም።

ሕክምናው ቀላል ነው። በውሃና በሳሙና ታጠቡ። ቀዝቃዛ ጨርቅ አድርጉበት። ካላማይን ሎሽን ያበርደዋል። በጣም ካሳከከ ሃይድሮኮርቲሶን 1 በመቶ ክሬም፣ ስስ አድርጋችሁ፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከ7 ቀን ሳያልፍ። ፊት ላይና የተላጠ ቁስል ላይ አይደረግም። እንቅልፍ ለነሳው ሰው ሴቲሪዚን የሚባለው የአለርጂ መድኃኒት፣ 10 ሚሊግራም፣ ማታ አንድ ፍሬ ይበቃል። ክሎርፌኒራሚንም ይሠራል፤ ግን በጣም ያስተኛል። መኪና የምትነዱ ሰዎች እባካችሁ እሱን ውጣችሁ መሪ አትያዙ።

እና አትከኩት። ይህንን እንደ ተራ ምክር አትስሙት። የእኛ ቆዳ ሲቆስል ይጠቁራል። ንክሻው በሳምንት የሚጠፋ ነው፤ ያከክነው ጠባሳ ግን ዓመት ሊቆይ ይችላል። ከዚያ ምን ይሆናል? ልጅቷ ጠባሳውን ለማጥፋት ገበያ ሄዳ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን ያለበት «ማንጫ» ክሬም ትገዛለች። እነዚህ ብርቱ ስቴሮይዶች ናቸው። ለወራት ፊቷን ስትቀባው ቆዳዋ ይሳሳል፣ ደም ሥሩ ይታያል፣ ብጉር ይወጣባታል፣ ፀሐይም ይበልጥ ያቃጥላታል። በአንዲት ቁንጫ ንክሻ ጀምረው ቆዳ ሐኪም ቤት የሚመላለሱ ሴቶች አይቻለሁ። ልቤ ይሰበራል። እባካችሁ፣ ጓደኛችሁ እንዲህ ያለ ክሬም ስትገዛ ካያችሁ ዝም አትበሉ።

አሞክሲሲሊን ገዝቶ መዋጥም አለ። ለንክሻ አንቲባዮቲክ አያስፈልግም። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ እብጠቱ እየሰፋ፣ እየጋለ፣ መግል እየያዘ ወይም ትኩሳት እየጨመረ ከሄደ ግን መርቅዟል ማለት ነው። ያኔ ወደ ሐኪም።

መዥገር ከተጣበቀባችሁ ጋዝ አታፍስሱበት፣ እሳትም አታስጠጉት። ወረንጦ ያዙ። ከቆዳው ሥር ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት።

ንብ ስትነድፍ መንደፊያዋን ከነመርዝ ከረጢቱ ቆዳችን ውስጥ ጥላው ትሄዳለች። ከረጢቱ ከእሷ ተለይቶም መርዙን ይረጫል። ስለዚህ በጥፍርም ይሁን በባንክ ካርድ፣ በፍጥነት አውጡት። እንዴት አወጣሁት ሳይሆን ምን ያህል ቶሎ አወጣሁት ነው ቁም ነገሩ። ንቦቹ ብዙ ከሆኑ እጃችሁን አታወናጭፉ፣ ፊታችሁን ሸፍናችሁ ሩጡ። አንዷ ስትነድፍ የምትለቀው ሽታ ሌሎቹን ይጠራል።

አሁን የምለውን በደንብ ስሙኝ። የተነደፈው ሰው ከንፈሩ ወይም ምላሱ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረው፣ ደረቱ ሲር ሲር ካለ፣ ራሱን ካዞረው፣ ሴቲሪዚን ሰጥታችሁ አትጠብቁ። ያ ሰው የሚያስፈልገው የአድሬናሊን መርፌ ነው። በጀርባው አስተኙት፤ መተንፈስ ካስቸገረው አስቀምጡት። 907 ደውላችሁ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ጥሩ፤ ካልሆነ ባገኛችሁት መኪና አቅራቢያ ወዳለው ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ሁለት ነገር ቀረኝ። ወደ ስምጥ ሸለቆ ስንወርድ ወባ አለ። የወባ ትንኝ በብዛት የምትነክሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። አጎበር ያዙ፤ ዲት የሚባለው ትንኝ የሚያባርር ንጥረ ነገር ያለበት መከላከያ ቀቡ። ሰንስክሪን መጀመሪያ፣ ዲቱ ከላይ። ከተመለሳችሁ ከሳምንት በኋላ፣ አንዳንዴም ከወራት በኋላ ትኩሳት ከመጣ «ጉንፋን ነው» አትበሉ። ደማችሁን ተመርመሩ፤ የት እንደሄዳችሁም ንገሩ።

ሁለተኛው ቁንጭር ነው። ሽኮኮ በሚኖርበት ገደላማ የደጋ አገር የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው በሽታ ነው። ፊት ላይ እንደ ንክሻ ይጀምራል፤ ብዙም አያምም፤ ግን አይድንም። ሳምንታት አልፈው ያልዳነ፣ ይልቁንም እየሰፋ የሄደ «ንክሻ» ካያችሁ በእሳት አታስተኩሱት። የቆዳ ሐኪም ጋ ሂዱ፤ ሕክምና አለው።

ለእሁድ የማዘጋጀው ቦርሳ ይኸውና፣ ጠረጴዛው ላይ ነው። ካላማይን፣ ሃይድሮኮርቲሶን፣ ሴቲሪዚን፣ ፓራሲታሞል፣ ወረንጦ፣ ፋሻ፣ ሰንስክሪንና የሕይወት አድን ንጥረ ነገር። መጥታችሁ እዩት፣ ክፈቱት፣ የማታውቁትን ጠይቁኝ። አለርጂ ያለባችሁ ደግሞ ከመሄዳችሁ በፊት ስማችሁን ለእኔ አስመዝግቡ። እሁድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እንገናኝ።