ኮስተር ብላችሁ ቀልዱ

(ለአዲስ የጀልባ አስጎብኚዎች በተዘጋጀ የአቀባበል ምሽት የተነበበ ንግግር)

የተከበራችሁ የፓርካችን የሥራ ኃላፊዎች፣ የጥገና ክፍል ባልደረቦች፣ ነባርና አዲስ የጀልባ አስጎብኚዎች፣ እንደምን አመሻችሁ!

አዘጋጆቹ ሦስት ነጥብ ጽፈው ሰጥተውኛል። አንደኛ የሥራችን ታሪክ፣ ሁለተኛ ፈገግታ፣ ሦስተኛ ደህንነት። ለእያንዳንዳቸው እኩል ሰዓት ተመድቦልኛል። ነባሮቹ ከአሁኑ መሳቅ ጀምራችኋል። ታውቁኛላችሁ። የቱ ላይ እንደምቆይም ታውቃላችሁ።

ከታሪኩ ልጀምር። አዲሶቹ ይህን ስሙ፦ ሥራችን ሲጀመር ቀልድ አልነበረበትም። ዲዝኒላንድ የተባለው የመዝናኛ ፓርክ በካሊፎርኒያዋ አናሃይም እ.ኤ.አ. ጁላይ 17 ቀን 1955 ሲከፈት፣ ጀንግል ክሩዝ የሚባለው የጀልባ ጉዞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነበረ። የፓርኩ መሥራች ዋልት ዲዝኒ በወንዙ ዳር እውነተኛ እንስሳት እንዲኖሩ ፈልጎ ነበር። ባለሙያዎቹ ግን እንስሳ ቀን ቀን ይተኛል፣ ሰው ሲያይ ይደበቃል፣ እንግዳው የከፈለበትን ሳያይ ይመለሳል አሉት። ስለዚህ በማሽን የሚንቀሳቀሱ ተሠሩ። ሃርፐር ጎፍ ጉዞውን ነደፈ። ደኑን ያበቀለው ቢል ኢቫንስ ነው። ይህ ሰው ከሩቅ አገር የመጣ የሚመስል ዛፍ ሲፈልግ ምን አደረገ መሰላችሁ? የተነቀለ ዛፍ ገልብጦ፣ ሥሩን ወደ ሰማይ አድርጎ ተከለ! እንግዲህ በዚያ ዛፍ ሥር እያለፋችሁ፣ ፊታችሁን ሳትፈቱ፣ «ይህ ጥቅጥቅ ያለ ደን ነው» ማለት አለባችሁ። የሙያችን መሠረት ይኸው ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አስጎብኚው የሚያወራው እንደ ተፈጥሮ ዘጋቢ ፊልም ነበር። ቁም ነገር ብቻ። ከዚያ ዋልት ዲዝኒ አንዲት እንግዳ «እሱንማ አይተነዋል፣ ድጋሚ ምን ያደርግልናል» ስትል ሰማ ይባላል። ማርክ ዴቪስ የተባለው ሠዓሊ ተጠራ። እ.ኤ.አ. በ1962 የሚታጠቡት ዝሆኖች መጡ። በዚያው ዘመን የአስጎብኚዎቹም ንግግር ወደ ቀልድ ዞረ። ልብ በሉ፦ ጀልባውን የሚመራው ያው ደረቅ ያለ የደን ሰው ነው። የተበላሸው የሚያወራው ነገር ብቻ ነው።

ከሁሉ የታወቀውን ቀልዳቸውን ልንገራችሁ። ጀልባዋ በፏፏቴው ኋላ ታልፋለች። አስጎብኚው ታላቅ ምስጢር ሊገልጥ ይመስል ድምፁን ከፍ ያደርግና፣ «እነሆ የውሃው ጀርባ!» ይላል። አለቀ። ይህን እየሳቃችሁ ተናገሩት እስቲ። ማንም አይስቅላችሁም። ኮስተር ብላችሁ በሉት፤ ሰው ለልጅ ልጁ ያወራዋል።

ከዚያች ጀልባ የወጡ ሰዎች አሉ። ተዋናዩ ኬቨን ኮስትነር አንዱ ነው። እኔ ግን የምኮራው በሮን ዚግለር ነው። በተማሪነቱ እዚያ አስጎብኚ ነበር። በኋላ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰን ቃል አቀባይ ሆኖ፣ ዋተርጌት በተባለው የፖለቲካ ቅሌት ጊዜ ጋዜጠኞች ፊት ቆመ። የማይታመን ነገር ፊትን ሳይፈቱ መናገር የት እንደሚለመድ እናንተም እኔም እናውቃለን።

እሺ፣ ታሪኩ ይብቃን። ፈገግታ።

ባለፈው የሥራ ወቅት አንድ ቅጽ መጣ። ቁጥጥር የሚያደርግ ሰው እንደ ማንኛውም እንግዳ ተሰልፎ ይሳፈራል። ማንነቱን አይናገርም። ከወረደ በኋላ ይሞላል። አስጎብኚው ሰላምታ ሰጥቷል? ተሳፋሪ ቆጥሯል? የደህንነት ማሳሰቢያ ተናግሯል? እስከዚህ ጠብ የለኝም። የመጨረሻው መስመር ላይ ግን «በጉዞው ሁሉ ፈገግታ አሳይቷል» ይላል። በጉዞው ሁሉ!

አሁን የዝሆኑን ቀን ልናገር። ነባሮቹ ታሪኩን ታውቁታላችሁ፣ ግን ለአዲሶቹ ትዕግሥት አድርጉልኝ። የጀልባዋን አስጎብኚ ስሙን አልጠራም። ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንገቱን የደፋው ሰውዬ ነው።

ጀልባዋ ሙሉ ነበረች። ፊተኛው አግዳሚ ላይ አንድ አባት ከትንሽ ልጁ ጋር ተቀምጧል። እጁን አጣምሯል። ፊቱ ግብር ሊከፍል የተሰለፈ ሰው ፊት ነው። ባልደረባችን መሪውን ያዘና፣ «ይህን መሪ የማዞረው ለክንዴ ስፖርት ብዬ ነው፤ ጀልባዋ ከውሃው ሥር ሐዲድ አላት» አለ። ሰውየው መሪውን አየ። ሐዲዱን ሊፈልግ ወደ ውሃው ጎንበስ አለ። አልሳቀም። አዞው ጋ ደረሱ። «ይህ አዞ እያለቀሰ ነው። አትመኑት።» ሰውየው ዝም።

ዝሆኑ ጋ ደረሱ። የኛን ዝሆን ታውቁታላችሁ። ግራ ጆሮው ከወደቀ ቆይቷል። (የጥገና ክፍል፣ ወቀሳ አይደለም። «ጆሮውን እንዳትጠግኑብን» ብለን ደብዳቤ የጻፍነው እኛው ነን።) ባልደረባችን እንደተለመደው፣ «ትናንት አለቃዬን የደመወዝ ጭማሪ ጠየቅኩት። የዝሆን ጆሮ ይስጠኝ አለ። ይኸው ተሰጠው» አለ። ከኋላ አንድ ሁለት ሰው «ኧረ ተው!» አለ። አዲሶች፣ «ኧረ ተው» ለኛ ጭብጨባ ነው። ሰውየው ግን ፍንክች አላለም።

እዚያች ላይ ሞተሩ ጸጥ አለ። ሬዲዮው «ባለህበት ጠብቅ» አለ። ከኋላ ሁለት ጀልባዎች መጥተው ቆሙ።

ዝሆኑ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። ኩምቢውን ያነሣል፣ ውሃ ይረጫል፣ ያወርዳል። በአዘቦቱ ሰው አንዴ አይቶት ያልፋል። ያን ቀን ግን ጀልባዋ ፊቱ ተገትራለች። መጀመሪያ ሲረጭ ልጆቹ ጮኹ። ሁለተኛ ሲረጭ ሳቁ። ሦስተኛው ላይ ጸጥታ ሆነ። ማሽን መሆኑን ሁሉም ሰው በዐይኑ አየ። ከኩምቢው ሥር ያለችው ቱቦ ሳትቀር ታየች።

አዲሶች፣ እዚህ ጋ ምን ታደርጋላችሁ? ቅጹ ፈገግ በሉ ይላል። ፈገግ ብትሉ «ተበላሽቶብናል፣ አፍረናል» ማለታችሁ ነው። ባልደረባችን ዝሆኑን አየው። ሰዓቱን አየ። ማይኩን አስጠጋና፣ «በጣም ንጹሕ እንስሳ ነው» አለ። ዝሆኑ ረጨ። «ሳሙና ግን ገዝቶ አያውቅም።» ዝሆኑ ረጨ። ከዚያ ዝም አለ። ዝም ማለት ያውቅበታል ይህ ሰው። ኩምቢው ሲነሣ እሱም ቀና ይላል። ኩምቢው ሲወርድ እሱም አንገቱን ይደፋል። አንድ ቃል አልተናገረም።

ያ እጁን ያጣመረ አባት መጀመሪያ ከንፈሩን ነከሰ። ከዚያ እጁን ፈታ። ኩምቢው ገና ሊነሣ ሲል ጣቱን ቀስሮ «አሁን!» አለ። ዝሆኑ ረጨ። ጀልባዋ በሳቅ ተናወጠች። ቀጥሎ ሁሉም አብሮ «አሁን!» ይል ጀመር። ከኋላ የቆሙት ጀልባዎች ተቀበሉ። ወረፋ ላይ ያሉት ሳያዩ ሳቁ። ወንዙ ሁሉ «አሁን!» ሲል ያልሳቀ አንድ ሰው ነበር። እሱም በማይኩ፣ «እባካችሁ አታበረታቱት» አለ።

ሞተሩ ሲነሣ ትንሿ ልጅ አለቀሰች። ዝሆኑን ትታ መሄድ አልፈለገችም።

ተቆጣጣሪው ጀልባዋ ውስጥ ነበር። ቅጹ በነጋታው መጣ። ሰላምታ፣ አለ። ቆጠራ፣ አለ። ማሳሰቢያ፣ አለ። ፈገግታ፣ የለም። ለባልደረባችን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው!

አጨብጭቡ፣ ግድ የለም። ኃላፊዎቹም ይስሙ።

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ ይህን ከልቤ ነው የምለው። የኛ ቀልድ በራሱ አያስቅም። ወረቀቱ ላይ ብታነቡት ታፍራላችሁ። የተጻፈውም ለዚያ ነው። የሚያስቀው ቀልዱን የሚናገረው ሰው ነው። መጥፎ ቀልድ ተሰጥቶት፣ ደመወዝ እየበላ፣ እንጀራዬ ነው ብሎ ቀኑን ሙሉ ያንኑ የሚደግም፣ ፊቱ የማይፈታ ምስኪን። እንግዳው በሱ ነው የሚስቀው። አስጎብኚው አስቀድሞ ከሳቀ ለእንግዳው ምን ተረፈው? ፈገግታችንን መሳፈሪያው ላይ እንሰጣችኋለን። ስንቀበል፣ ስንሸኝ፣ የልጅ እጅ ይዘን ስናወርድ፣ እስኪበቃችሁ። ማይኩ ከተከፈተ በኋላ ግን ፊታችንን ለኛ ተዉልን!

ደግሞ ሌላ ነገር ይወራል። የተቀዳ ድምፅ ይገባል ይባላል። በአንድ ጀልባ ላይ ተሞክሮም አይተናል። ድምፁ ያምራል፣ አልዋሽም። ወፍራም፣ የሬዲዮ ድምፅ ነው። ችግሩ የመጣው ጀልባዋ መንገድ ላይ ስትዘገይ ነው። ድምፁ አልጠበቃትም። ተሳፋሪዎቹ አዞው ጋ ተገትረው ሳሉ «በቀኝ በኩል አንበሶቹን ይመልከቱ» አላቸው። ቀጥሎ ፏፏቴውን አደነቀ። በመጨረሻም ወንዙ መሃል ላይ «ስለጎበኙን እናመሰግናለን፤ ሲወርዱ ይጠንቀቁ» ብሎ አሰናበታቸው። አንዲት እናት ከልቧ ተነሥታ ቦርሳዋን አነሣች።

ሆንግ ኮንግ ዲዝኒላንድን እዩ። እ.ኤ.አ. በ2005 ሲከፈት የጀልባ ጉዞውን በካንቶኒዝ፣ በማንዳሪንና በእንግሊዝኛ ለያይተው አቀረቡት። እንግዳው እንደ ቋንቋው ይሰለፋል። ሦስት ወረፋ መያዝ ራስ ምታት ነው። ግን ቀልድ ፊት ለፊት ከቆመ ሰው አፍ፣ በሰሚው ቋንቋ መውጣት እንዳለበት ገባቸው። እኛ አንድ ወረፋ ይዘን ሰውየውን ልናስወርደው ነው።

ስለ ፍጥነትም አንድ ነገር ልበል። የካሊፎርኒያው ዲዝኒላንድ የድሮ ሠራተኞች የሚያወሩት ታሪክ አለ። ዋልት ዲዝኒ አንድ ቀን ተሳፈረ። ጉዞው ሰባት ደቂቃ መሆን ሲገባው በአራት ደቂቃ ተኩል አለቀ። ተቆጣ። የተቆጣው ግን ዘገያችሁ ብሎ አይደለም፣ ቸኮላችሁ ብሎ ነው! ወረፋው በረዘመ ቁጥር በሬዲዮ «ቶሎ፣ ቶሎ» የምትሉን፣ ይህን አስቡልኝ።

አዲሶቹን ሳልረሳ። በእንግዳ ላይ አትቀልዱ። ዝንጀሮዎቹ ጋ ስትደርሱ «የራሷን መላጣ ሳታይ በሰው ትስቃለች» የምትለዋ ተረት ምላሳችሁ ላይ ትመጣለች። መላጣ ሰው ደግሞ ከጀልባ አይጠፋም። ተዉት። በራሳችሁ፣ በጀልባዋ፣ በደመወዛችሁ ቀልዱ። ሰፈርና ዘር ነክታችሁም አትቀልዱ። ዲዝኒላንድ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2021 የአገሬውን ሰው መሳቂያና ማስፈራሪያ ያደረጉ ትዕይንቶቹን አንሥቷል። ደግ አደረገ። ይህን ያህል ዓመት መቆየት ግን አልነበረበትም።

ኋላ የተቀመጡት ከሞተሩ ድምፅ የተነሣ ዘግይተው ነው የሚሰሙት። እነሱም እስኪስቁ ጠብቁ። ማይኩን አትብሉት፤ ጣት ያህል ራቅ ይበል።

ደህንነት። ሲሳፈሩ ቁጠሩ፣ ሲወርዱ ቁጠሩ። ቁጥሩ ካልገጠመ እንዳትቀልዱበት። የልጅ እጅ ከጀልባዋ ውጭ አይውጣ። ሞተሩ ካልጠፋ ቦታችሁን አትልቀቁ። የቀረው መመሪያው ላይ አለ፤ አንብቡት።

የነገ ምድብ በሩ አጠገብ ተለጥፏል። ማስታወቂያው የፈገግታ ሥልጠና ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እንዳለም ይናገራል። እኔ በዚያ ሰዓት ዝሆኑ ጋ ነኝ። አመሰግናለሁ።