የኩዋፔል ዶን ኪኾቴ፦ ቀልዱ ከየት ይመጣል?

የተከበራችሁ የሥዕል ተማሪዎች፣ የሙዚየም አስጎብኚዎች፣ ክቡራትና ክቡራን፦

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ሻርል አንቷን ኩዋፔል ከስፔናዊው ደራሲ ከሰርቫንቴስ ልብ ወለድ «ዶን ኪኾቴ» ትዕይንት እየመረጠ መሣል ሲጀምር ገና የሃያ ዓመት ወጣት ነበር። ሥራው የታዘዘው በፓሪስ ለሚገኘው ለጎብላን ንጉሣዊ የግድግዳ ሥጋጃ ፋብሪካ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1714 እስከ 1751 ድረስ ሸማኔዎች እያዩ የሚሠሩባቸውን 28 ሥዕሎች አዘጋጀ፤ አብዛኞቹ ዛሬ በኮምፒዬኝ ቤተ መንግሥት ይገኛሉ። ሰውየው ተውኔትም ይጽፍ ነበር። ሰዎቹ መድረክ ላይ እንዳሉ ተዋንያን የሚቆሙት ያለ ምክንያት አይደለም።

ብዙ ተመልካች ቀልዱን ከተጣመመ ፊት ወይም ከዶን ኪኾቴ አሽከር ከሳንቾ ቦርጭ ይጠብቃል። እዚያ ከፈለጋችሁት አታገኙትም። ኩዋፔል የሠለጠነው ነገሥታትና ጀግኖች በሚከብሩበት ታላቅ የአሣሣል ወግ ነው፤ ያንን ወግ አንዳች ሳይቀንስ አእምሮው ለተናወጠ ባላገር ባላባት አዋለው። የ1716ቱን ሥዕል ውሰዱ። በዘመኑ ልማድ ጀግናን እጁን ይዛ የምታወጣው ጥበብ ወይም ክብር ናት፤ እዚህ ግን ዶን ኪኾቴን ከቤቱ የምታወጣው እብደት ናት። ከኋላ የነፋስ ወፍጮው የግዙፍ ሰው ራስ አብቅሏል። ባላባቱ የሚያየውን እኛም እናያለን፤ እሱ አይስቅም፣ እኛ እንስቃለን። ሠዓሊው ወፍጮውን እንዳለ ቢተወው ኖሮ የሚቀረን አንድ ምስኪን እብድ ነበር፤ ያ ደግሞ አያስቅም።

በመጽሐፉ ሁለተኛ ክፍል፣ በ1615 በታተመው፣ ቀልዱ ይለወጣል። መስፍኑና ባለቤቱ ለመዝናናት ሲሉ ባላባቱን ያታልሉታል፤ ዙሪያውን ያሉት ሁሉ ምስጢሩን ያውቃሉ። ስለዚህ በእነዚህ ትዕይንቶች መጀመሪያ ዳር የቆሙትን እዩ። ማን ማንን ይመለከታል? መስፍኑ ለቀልድ ሲል ሳንቾን በሾመበት በባራታሪያ የተደረገው የሳንቾ ግብዣ ጥሩ መለማመጃ ነው፦ ሐኪሙ በዘንጉ ምግቡን በነካ ቁጥር አሳላፊዎቹ ያነሡታል፤ «አገረ ገዢው» በሞላ ማዕድ ፊት ይራባል።

አሁን ወደሚበላሸው ነገር እንምጣ። ድሩ ቆሞ ሲሸመን ንድፉ ድሩ ላይ ስለሚቀዳ አቅጣጫው አይለወጥም። ድሩ ከተጋደመ ግን ንድፉ ከሥር ይዘረጋል፣ ሸማኔው በጀርባው በኩል ይሠራል፣ ምስሉም ይገለበጣል። ሰይፍ ወደ ግራ እጅ ይገባል። በመዳብ ላይ ተቀርጾ በሚታተም ሥዕልም ቀራጩ ቀድሞ ካልገለበጠው ያው ይደርሳል። ትዕይንቱን በግራና ቀኝ ከማስረዳታችሁ በፊት የያዛችሁት ቅጂ የትኛው እንደሆነ አረጋግጡ።

ሌላው ጠርዙ ነው። በሥጋጃው ላይ አበባው፣ ወፉና ጌጡ ሰፊውን ቦታ ይይዛል፤ ትዕይንቱ መሐል ላይ እንደ ትንሽ መስኮት ይቀራል። (ለእኔ ይህ ራሱ ረቂቅ ፌዝ ነው፤ ያን ሁሉ ወርቅማ ክብር ለአንድ ድብደባ!) ጎብኚውን መጀመሪያ ቅረቡ በሉት፤ ታሪኩን በሁለት ዓረፍተ ነገር ንገሩትና ዝም በሉ። ቀልዱን ቀድሞ በጣት መጠቆም ይገድለዋል።

የመጨረሻው ቀለም ነው። በአደን ትዕይንቱ ሳንቾ ከርከሮ ፈርቶ ዛፍ ላይ ይወጣል፣ ቅርንጫፉ ይሰበራል፣ በልብሱ ተንጠልጥሎ ይቀራል። በመጽሐፉ ልብሱ ከመስፍኑ የተሰጠው አረንጓዴ ነው፤ ሳንቾ ሊሸጠው ነበር ያሰበው፣ ተቀደደበት። በድሮ ሥጋጃ አረንጓዴ የሚገኘው ቢጫን ከሰማያዊ በማደራረብ ነው፤ ብርሃን ደግሞ ቀድሞ የሚበላው ቢጫውን ነው። ከአረጀ ሥጋጃ ፊት ስትቆሙ ቅጠሉ ሰማያዊ ሆኖ ካያችሁት፣ የልብሱንም ቀለም አትመኑ፤ የጠፋውን ሽያጭ በቃል ንገሩ።