ያለቀ ጥግና የተከረከመ ጠርዝ

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ ካርዶቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ልጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት ቁራጭ ካርቶን፣ ስለ አንድ የቤዝቦል ተጫዋች ካርድ ነው። ቁመቷ 7 ሴንቲ ሜትር አይሞላም፤ ወርዷም 4 አይደርስም። በ1909 ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ በነጻ ትወጣ ነበር። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ዛሬ ድረስ ከቆዩት አንዷ በ2022 በ7.25 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠች። ንጹሕ ሆና እንዳይመስላችሁ። ለይዞታዋ የተሰጣት ደረጃ ከ10 ሁለት ነው።

በዚህ ጉዳይ የጠነከረ አቋም አለኝ። ከጅምሩ ልንገራችሁና ምክንያቴን ቀስ እያልኩ አስረዳለሁ። ያረጀ ካርድ እንዳረጀ ይቀመጥ። ማንም አያሳምረው።

እስቲ ካርዷን ቀረብ ብለን እንያት። መደቧ ብርቱካናማ ነው። መሃሏ ላይ ጸጉሩን ለሁለት የከፈለ፣ ትከሻው ሰፊ የሆነ ጎልማሳ አለ። ደረቱ ላይ ፒትስበርግ የሚል ተጽፏል። ከተማዋ ዛሬ መጨረሻዋ ላይ የምትጽፈው ኤች የለም፤ ያኔ ሳይጻፍ ይቀር ነበር። ዙሪያውን ቀጭን ነጭ ጠርዝ ከብቦታል። ይህን ነጭ ጠርዝ ያዙልኝ፤ ብዙ ጣጣ ያመጣው እሱ ነው።

ሰውዬው ሆነስ ዋግነር ነው። ከጀርመን የመጡ ስደተኞች ልጅ ነው። በ12 ዓመቱ ትምህርቱን አቋርጦ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ገባ። በኋላ የፒትስበርግ ፓይሬትስ ቡድን ሾርትስቶፕ፣ ማለትም በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል የሚቆም ተከላካይ ሆኖ በናሽናል ሊግ 8 ጊዜ የመምታት አንደኛነቱን ወሰደ። በ1909 ቡድኑ የነታይ ኮብን ዲትሮይት አሸንፎ የቤዝቦሉን ትልቅ ዋንጫ፣ ወርልድ ሲሪስን በላ። በ1936 ለቤዝቦል የዝነኞች አዳራሽ መጀመሪያ ከተመረጡት 5 ሰዎች አንዱም እሱ ነው። እዚህ አገር ልጅ የምታሳድጉ ወላጆች፣ የማን ልጅ እንደነበረ ልብ በሉልኝ።

ካርዷን ያወጣው አሜሪካን ቶባኮ ኩባንያ ነው። ከ1909 እስከ 1911 ከ500 በላይ የተለያዩ ካርዶች አሳትሟል። የብዙዎቹ ተጫዋቾች ካርድ ዛሬም እንደ ልብ ይገኛል፤ ተራ ሰው ቆጥቦ ሊገዛው ይችላል። የዋግነር ግን ገና በጅምሩ ቆመ። ፈቃዱን አልሰጠማ!

ለምን? አንዳንዱ ልጆች ካርዱን ብለው ሲጋራ እንዳይገዙ ነው ይላል። ሌላው ክፍያ ፈልጎ ነው ይላል፤ ራሱ ትንባሆ ያኝክ ስለነበር። በዘመኑ የስፖርት ጋዜጣ ላይ የወጣ አንድ ታሪክ አለ። ኩባንያው ጆን ግሩበር የሚባል የፒትስበርግ ጋዜጠኛ የዋግነርን ፈቃድ እንዲያመጣለት 10 ዶላር ሊከፍለው ይስማማል። ዋግነር እምቢ አለ። ነገር ግን ሰውየው በእሱ ምክንያት እንዳይጎዳ ብሎ የ10 ዶላር ቼክ ላከለት። እኔን የሚያሳምነኝ ይህ ቼክ ነው። ገንዘብ ብቻ የፈለገ ሰው ከኪሱ አውጥቶ ለሌላ ሰው አይልክም።

እንግዲህ ዛሬ በዓለም ላይ የሚታወቁት የዋግነር ካርዶች ከ50 እስከ 60 ገደማ ናቸው። ለዚህ ነው ሰው እንዴትም ሆና ብትመጣ የሚሻማባት። በ2021 ተቀድዳ ግማሿ ብቻ የቀረች አንዲት ካርድ በጨረታ ከ475 ሺህ ዶላር በላይ አውጥታለች። ግማሽ ካርድ!

ሌላኛው ጫፍ ላይ የኒውዮርክ ያንኪሱ የቤዝቦል ኮከብ የሚኪ ማንትል ካርድ አለች። ቶፕስ የተባለው የብሩክሊን ኩባንያ በ1952 ያወጣት ናት። ስትወጣ የውድድር ዘመኑ ወደ ማብቂያው ስለነበር ገበያ አጣች። የቶፕሱ ሳይ በርገር እንደተናገረው፣ በ1960 ያልተሸጠውን ክምችት በጀልባ ጭነው አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ጣሉት። እንዲያም ሆኖ ብርቅ የምትባል አይደለችም። በደረጃ ሰጪዎች እጅ ያለፉት ብቻ ከሺህ ይበልጣሉ። ታዲያ በ2022 አንዷ በ12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠች። ያቺ ከ10 ዘጠኝ ነጥብ አምስት ያገኘች ናት። ባለቤቷ በ1991 የገዛት በ50 ሺህ ነበር።

ዋግነርን ያስወደደው እጥረቷ ነው፤ ማንትልን ያስወደደው ይዞታዋ። የ1952 ልጆች ካርድ ኪሳቸው ውስጥ ይከቱ ነበር። በላስቲክ ያስሩት ነበር። እንዲንጣጣ ብለው የብስክሌት ጎማ ሽቦ ላይ ይሰኩት ነበር። እናት ቤት ስታጸዳ የቀረውን ትጥላለች። ከዚያ ሁሉ ተርፋ ጥጓ እንደሾለ የቀረ ካርድ ብርቅ ብትሆን አይገርምም።

ደረጃ ሰጪው የሚያየው አራት ነገር ነው፦ ምስሉ መሃል ላይ መሆኑን፣ ጥጎቹን፣ ጠርዙንና ገጹን። ከዚያ ካርዱን ፕላስቲክ ውስጥ አሽጎ ቁጥር ይሰጠዋል። አንድ ቁጥር ከፍ ማለት አንዳንዴ የቤት ዋጋ ልዩነት አለው። ሰው የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው።

በ1991 የሆኪው ኮከብ ዌይን ግሬትስኪና ሸሪኩ አንዲት የዋግነር ካርድ በጨረታ በ451 ሺህ ዶላር ገዙ። ጥጎቿ ስል፣ ጠርዟ ቀጥ ያለ፣ ቀለሟ የደመቀ። ያኔ ገና ሥራ የጀመረው ፒኤስኤ የተባለ ደረጃ ሰጪ ኩባንያ መጀመሪያ ደረጃ የሰጣት እሷን ነው፤ 8 አገኘች። በ2007 በ2.8 ሚሊዮን ተሸጠች። ውስጥ ውስጡን ግን ሰው ያማት ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደሚባለው፣ በ2013 ቢል ማስትሮ የሚባል ስመ ጥር አጫራች ቺካጎ ፍርድ ቤት ቀርቦ አመነ። ካርዷን በእጁ በነበረችበት ጊዜ ጠርዟን ከርክሟታል። በጨረታዎቹ ላይ ለፈጸመው ማጭበርበርም 20 ወር ተፈረደበት።

እኔን የሚያንገበግበኝ ገንዘቡ አይደለም። ከ60 የማይበልጥ ነገር ነው። ከዚያ ላይ የአንዷን አካል ቆርጦ ጣለ። መቀስ የወሰደው አይመለስም። ጥጓ ያለቀ ካርድ ምን እንደደረሰባት ፊቷ ላይ ይታያል፤ ልጅ ይዟታል፣ ኪስ ውስጥ ከርማለች፣ ዝናብ ነክቷታል። የተከረከመችው ግን ያልኖረችውን ኑሮ ትናገራለች።

አሁን ስለምወደው ሰው ልንገራችሁ። ጄፈርሰን በርዲክ ይባላል። የሲራኩስ ሰው ነው፤ ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ ይገጣጥም ነበር። ሚስትም ልጅም አልነበረውም። መገጣጠሚያዎቹን ክፉኛ ያምመው ነበር። በዚያ እጁ የአሜሪካን ካርዶች ሁሉ መዝግቦ ቁጥር ሰጣቸው። ዋግነር ያለችበትን ስብስብ ዛሬ ሰብሳቢ ሁሉ ቲ206 ብሎ የሚጠራው ከእሱ ወስዶ ነው። ከ300 ሺህ በላይ ካርዶችና ወረቀቶቹን ለኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ሰጠ። ሙዚየሙ ውስጥ ቁጭ ብሎ አልበም ላይ በሙጫ ለጠፋቸው። በጥር 1963 ጨረሰ። በመጋቢት ሞተ።

ሙጫ ሲባል የዛሬ ሰብሳቢ ይደነግጣል። ደረጃ ሰጪ ቢያገኛቸው ዝቅተኛውን ቁጥር ነው የሚሰጣቸው። እኔ ግን ከዋግነር ካርዶች ሁሉ የማከብራት እዚያ ያለችውን ነው። ማንም አልከረከማትም። ማንም ለዋጋ ብሎ አያሳምራትም። በርዲክ ባስቀመጣት ቦታ አለች።

ልጆች፣ የኔ ልመና ይህ ነው። ጥጉ የታጠፈ ካርድ ስታገኙ በማንኪያ ጀርባ አታቃኑት። የእርሳስ ጽሑፍ ካለበት በላጲስ አትፈግፍጉት። መቀስ አታስጠጉት። እጃችሁን ታጥባችሁ ዳርና ዳሩን ያዙ። መጀመሪያ ለስላሳ ፕላስቲክ፣ ከዚያ ጠንካራ መያዣ ውስጥ ክተቱት። ላስቲክ አይታሰርበት፤ ፀሐይ አይምታው፤ እርጥበት ያለው ቤዝመንትም ለወረቀት አይሆንም።

ወላጆች፣ ሰው የዋግነር ካርድ በርካሽ ልሽጥልህ ቢላችሁ አትቸኩሉ። ኋላ የታተመ ቅጂ ሞልቷል። ከታች ያለውን ስም በአጉሊ መነጽር እዩት። በድሮው ላይ ፊደሉ ድፍን ቀለም ነው፤ በዘንድሮ ማተሚያ የወጣው ብዙ ጊዜ በጥቃቅን ነጠብጣብ የተሠራ ነው። የአሁን ወረቀትም አብዛኛው በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ቦግ ይላል።

አጉሊ መነጽሩንና መብራቱን ከኋላ ጠረጴዛው ላይ አዘጋጅተናል። ካርድ ያመጣችሁ ልጆች እጃችሁን ታጥባችሁ ተሰለፉ፤ የዘንድሮም ይሁን የድሮ አንድ በአንድ አብረን እናያለን። አመሰግናለሁ።