ዘጠነኛው ጥያቄ

ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ? ከደሴ ነኝ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ሲከነክነኝ የቆየ ነገር ስላለ ብቻዬን ላውጋችሁ።

በ2013 ክረምት ከቆቦና ከወልድያ የሸሹ ወገኖች የከተማችንን ትምህርት ቤቶች ሞልተውት ነበር። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ገባ፤ እንግዳ ተቀባዮቹም ተሰደድን። ከዚያ ወዲህ መጠይቅ ይዘው ተፈናቃዮችን ስለ አእምሮ ጤናቸው የሚያነጋግሩ አጥኚዎች አሉ። ይምጡ እላለሁ። ያልተጠና ሕመም በጀት አያገኝም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ግምት፣ ግጭት ባለባቸው አካባቢዎች ከ5 ሰዎች 1ዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት።

ድብርትን ለመለየት በብዛት የሚሠራበት መጠይቅ 9 ጥያቄዎች አሉት። ባለፉት 2 ሳምንታት እንቅልፍሽ እንዴት ነበር? የምግብ ፍላጎትሽስ? ድካም አለሽ? እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሰጠዋል፣ ድምሩ ከ27 ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ 10 የደረሰ ሰው ለተጨማሪ ምርመራ ይለያል።

እስቲ ሐይቅ አጠገብ፣ ጃሪ መጠለያ ያለች አንዲት እናት አስቡ። ሌሊት ብርዱ በሸራው ሥር ይገባል፣ ልጇ ሲያስል ያድራል፣ ራሽኑ ዘግይቷል። እንቅልፍ የላትም፣ ዝላለች። ነጥቧ ከፍ ይላል። ይሄ ያየችው ጦርነት ነው ወይስ የዛሬው ብርድ? ሚለርና ራስሙሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 እንደጻፉት፣ ጦርነት ሰውን የሚጎዳው በቀጥታ ብቻ ሳይሆን በሚያስከትለው የየዕለት ችግርም ነው። ስለ ተኩሱ ጠይቆ ስለ ራሽኑ የማይጠይቅ ጥናት ለእኔ ግማሽ ነው።

ወደ ዘጠነኛው ልምጣ። ሞት ይሻለኛል ብለሽ፣ ራስሽን ልትጎጂ አስበሽ ታውቂያለሽ? ይላል። መጠየቁ ሐሳቡን ሰው ልብ ውስጥ አይዘራም፤ ይህ ተጠንቷል፣ አትፍሩት። የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። «አዎ» ብትልስ? ወረቀቱ ላይ ምልክት ተደርጎ ወደሚቀጥለው ድንኳን ይታለፋል?

ባለሙያ እስኪገኝ የሚሠራ ነገርም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ5 ክፍለ ጊዜ የሚሰጥ፣ ሐኪም ያልሆነ ሰው ሠልጥኖ የሚመራው የምክር አገልግሎት አዘጋጅቷል። ወሎ ውስጥ ደግሞ ቅሬ፣ ማለትም እድራችን፣ አለ፤ ሐዘንተኛ ቤት ገብቶ አብሮ መቀመጥን የሚያውቁ፣ «አብሽሪ» ሲሉ የሚታመኑ ሰዎች አሉ። ሥልጠናው ለእነሱ ቢሰጥ ምን አለበት?

የሥነ ምግባር ኮሚቴ አባላት ሆናችሁ የምትሰሙኝ ካላችሁ፣ ጥናት ከማጽደቃችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁልን። «አዎ» ያለችውን ሴት በዚያው ቀን ማን ያያታል? ትራንስፖርቷስ በየትኛው በጀት ተይዟል?