አሮጌው ከርነል አይጥፋ
የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ እንደምን ዋላችሁ?

በትንንሽ ቦርዶች ላይ ሊኑክስ የምትጠቀሙ ሁሉ አዲስ ከርነል፣ ማለትም አዲስ የሊኑክስ እምብርት፣ ሲወጣ መሞከር ያምራችኋል። ጥሩ ነገር ነው። ችግሩ ብዙ ሰው አዲሱን በአሮጌው ላይ ይጭነዋል። ቦርዱ አልነሳም ሲል ደግሞ ካርዱን ነቅሎ ሁሉንም ከዜሮ ይጀምራል። ይህን ሁሉ ልፋት የምታስቀር አንዲት ፋይል አለች።

በተለመደው ኮምፒውተር ላይ ከርነል የሚያስመርጠን አብዛኛውን ጊዜ ግራብ የሚባለው የማስነሻ ፕሮግራም ነው። አርም ፕሮሰሰር ባላቸው ብዙ ቦርዶች ይህን ሥራ የሚሠራው ዩ-ቡት ነው። ዩ-ቡት፣ ቡት በሚለው ፎልደር ውስጥ ወዳለው ኤክስትሊኑክስ ፎልደር ገብቶ ኤክስትሊኑክስ ኮንፍ የምትባል ፋይል ይፈልጋል። ተራ የጽሑፍ ፋይል ናት። ራስፕቤሪ ፓይ የራሱ አነሳስ ስላለው፣ ዩ-ቡት ካልጫናችሁበት ይህ አይመለከተውም።

ፋይሏ አናት ላይ የሜኑው ርዕስ፣ የመጠበቂያው ጊዜ እና ዲፎልቱ፣ ማለትም ማንም ካልመረጠ የሚነሳው፣ ይጻፋሉ። ጊዜው የሚቆጠረው በሰከንድ አንድ አሥረኛ ነው፤ 50 ካላችሁ 5 ሰከንድ ይጠብቃል። ከዚያ ለእያንዳንዱ ከርነል አንድ ሌብል፣ ማለትም አንድ የሜኑ ምርጫ፣ ትከፍታላችሁ።

እዚህ ላይ ቀስ እንበል። ሌብሉ ውስጥ የከርነሉን ፋይል ብቻ ቀይሮ መሄድ አይበቃም። እነዚህ ቦርዶች ምን ምን ሃርድዌር እንዳላቸው ለከርነሉ የሚነግረው ዲቫይስ ትሪ የሚባለው ፋይል ነው። አዲስ ከርነል ከአሮጌ ዲቫይስ ትሪ ጋር ሲነሳ ኔትወርኩ ሊጠፋ፣ አንዳንዴም ካርዱ ጭራሽ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ለየከርነሉ የራሱን ስጡት። ሲነሳ ለጊዜው የሚጫነው ትንሽ ፋይል ሲስተም ኢኒትአርዲውም፣ የከርነሉ ተጨማሪ ክፍሎች የሆኑት ሞጁሎቹም እንደዚሁ ከቨርዥኑ ጋር መግጠም አለባቸው።

ለከርነሉ ትዕዛዝ የሚያስተላልፈው አፔንድ የሚለው መስመር ላይ ደግሞ ሩት ፓርቲሽኑን፣ ማለትም ሲስተሙ ያለበትን የዲስክ ክፍል፣ በዲስኩ ስም አትጥሩት። ኢኤምኤምሲ የሚባለው ማከማቻም ኤስዲ ካርድም ያለው ቦርድ ላይ ከርነል ሲቀየር ዜሮ የነበረው የዲስክ ቁጥር አንድ ሊሆን ይችላል። በዚህ የማይቀያየር የፋይል ሲስተሙን መለያ፣ ዩዩአይዲን ተጠቀሙ። ያለ ኢኒትአርዲ የምታስነሱ ከሆነ ግን ከርነሉ ብቻውን የሚያውቀው የፓርቲሽኑን መለያ፣ ፓርትዩዩአይዲን ነው።

ዲፎልቱ የሚሠራው አሮጌው ከርነል ይሁን። መብራት ጠፍቶ ቢመጣ ቦርዱ ማንንም ሳይጠብቅ ይነሳል። አዲሱን በእጃችሁ እየመረጣችሁ ፈትኑት፤ ዋይፋዩም፣ ድምፁም፣ ዩኤስቢውም በደንብ ሲሠራ ያኔ ዲፎልቱን ቀይሩ።

ደቢያን የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ ዩ-ቡት-ሜኑ የሚባል ፓኬጅ ይህችን ፋይል ራሱ ይጽፋታል። እሱ ካለ ፋይሏን በእጅ አትነካኩ፤ በሚቀጥለው አፕዴት የጻፋችሁት ይደመሰሳል። ማስተካከያችሁን የፓኬጁ ሴቲንግ ውስጥ አድርጉ።

በብዙ ቦርዶች ሜኑው የሚታየው ቦርዱን ከኮምፒውተር ጋር በሚያገናኝ ሲሪያል ኬብል ብቻ ነው። ሦስት ሽቦ ነው፦ ግራውንዱ ከግራውንድ፣ የአንዱ መላኪያ ከሌላው መቀበያ። አደራ፣ ኬብሉን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘው አዳፕተር ቦርዱ በሚፈልገው ቮልቴጅ ይሁን። አብዛኛውን ጊዜ 3.3 ቮልት ነው፤ 5 ቮልት ቦርዱን ሊያቃጥለው ይችላል። የሲሪያሉ ፍጥነት ብዙ ቦርድ ላይ በሰከንድ 115200 ቢት ነው፤ ብዙዎቹ የሮክቺፕ ፕሮሰሰር ያላቸው ቦርዶች ግን 1500000 ይላሉ። ስክሪኑ ላይ የማይነበብ ፊደል ከፈሰሰ መጀመሪያ ይህን ቁጥር እዩ።

ኬብሉ ተሰክቷል። ቦርዱን ልክፈተውና ሜኑውን አብረን እንየው።